ጭጋጉን ማን ቀባው?

ፕሮፌሰር ደምመላሽ ቴሜስካል በሚባለው ሰፈር ባለው የሥዕል ስቱዲዮአቸው ወለል ላይ ሞተው ተገኙ። የተመቱት በገዛ የቀለም መፍጫ ድንጋያቸው ነው፤ ድንጋዩ ላይ ደግሞ የተማሪያቸው የሳሌም አሻራ ሞልቷል። ለፖሊስ ይህ በቃ። ዕድሜዋን ለኢንሹራንስ ስትመረምር ለኖረችው ለተናኘ ግን አልበቃም፤ ጡረታ የወጣችው እሷ እንጂ ዓይኗ አይደለም።

«ዘመዶችሽ እመኚና ቅጣቱ ይቅለልሽ ይላሉ» አለቻት በዋስ የተለቀቀችውን ሳሌምን።

«ኖ፣ እትዬ ተናኘ። ያላደረግኩትን ሶሪ አልልም! ቀለሙን ሁልጊዜ የምፈጭላቸው እኔ ነኝ፤ ኦፍ ኮርስ አሻራዬ ይኖራል።»

ተናኘ ልጅቷን እዚያው ወደደቻት።

የስቱዲዮው ጠረጴዛ ላይ የሟቹ የመጨረሻ ሥራ ተዘርግቷል፤ እንደ ቻይናውያን በስስ ወረቀት ላይ በጥቁር ቀለም የተሣለ፣ ወገቡን ጭጋግ የታጠቀ ተራራ። ሥዕሎቻቸውን በጋለሪው የሚሸጥላቸው እስጢፋኖስ ራሱን ነቀነቀ።

«ይዩት፣ ጭጋጉ እንዴት ነጭ ነው! እንዲህ የሚቀባ እጅ ከየት ይገኛል?»

ተናኘ ጭጋጉን በጣቷ ዳሰሰችው፤ ሻከራት። ክፍሉን ሁሉ ፈተሸች፤ ነጭ ቀለም የሚባል የለም።

የሟቹ ሚስት ፋንታዬ ሳን ሆዜ ከተማ እህቷ ዘንድ ሰንብታ ገና መመለሷ ነበር።

«ፕሮፌሰር ከእስጢፋኖስ ጋር ተጣልተው ነበር?» ስትል ጠየቀቻት ተናኘ።

«ስምህን አትጻፍበት፣ የጥንት ቻይናዊ ሥራ ነው ብዬ ልሽጠው አለው። ደምመላሽ ደግሞ ብሞት አላደርገውም አለ። እንደሚነታረኩ እንጂ እንደሚገዳደሉ በምን አውቃለሁ?»

በማግስቱ ተናኘ ሦስቱንም ስቱዲዮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። መርማሪ ፖሊሱ ኩምሳም በሩ ላይ ቆመ።

«ሳሌም፣ ጭጋግ በምን ይሣላል?»

«በምንም። ወረቀቱን ባዶ መተው ነው። ነጭ ቀለም ባመጣ ፕሮፌሰር ያባርሩኝ ነበር።»

«እንግዲያው ይህን የቀባው ደምመላሽም ሳሌምም አይደሉም። ጭጋግ በነጭ የሚቀባ የሚመስለው ሰው ነው። ማን ነበር ያደነቀው?»

እስጢፋኖስ ሳቀ። «ይሄ ማስረጃ ነው?»

«አዲስ የተቀባው የጋለሪዎ ግድግዳ ነጭ የሰዓትዎ ማሰሪያ ላይ ደርቋል። እሱም ካልበቃዎ ይሄውልዎ!»

ሥዕሉን ገለበጠችው። ስስ ወረቀት ቀለሙን እስከ ጀርባው ያሳልፋል፤ ከጭጋጉ ጀርባ ፊደሎች ተገልብጠው ይነበባሉ፦ ደምመላሽ።

«ለመንኩት እኮ!» አለ እስጢፋኖስ፣ ሳያስበው አምልጦት። «ስምህ ዋጋውን ይገድለዋል አልኩት!»

ኩምሳ እጁን ያዘው።

ፋንታዬ እንባዋን ጠረገች። «ሥዕሉ ከፍርድ ቤት ሲመለስ ነጩን እናስለቅቀው ይሆን?»

«ኖ» አለች ሳሌም። «በጀርባው እንሰቅለዋለን። ስማቸውን ሁሉም ሰው ይየው።»