አለቃን ማን አበጠረው?

ይህ ነገር የደረሰው በእኔው ላይ ነው። ፈጠራ ነው የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ... ባይደርስብኝ ኖሮ እኔም እንደዚያው እል ነበር።

የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል።

የምኖርበት ቤት ሁለት ክፍል ነው። ከኋላው ትንሽ ጓሮ፣ ከፊቱ የብረት በር። ቁልፉ አንድ ብቻ... እሱም ከቦርሳዬ አይለይም።

ቤቱን የለቀቀችልኝ ታላቅ እህቴ ናት። ስትወጣ ውሻውንም ተወችልኝ። "አዲሱ ቤቴ ግቢ የለውም፤ አንቺ ጋ ይሻለዋል" አለችኝ። እኔም የዋህ፣ ለእኔ አስባ መስሎኝ አቅፌ ሳምኳት።

ውሻው ቴሪየር የሚባል የውጭ ዘር ነው። ነጭ፣ ፀጉሩ እንደ ሽቦ የሚሻክር። አለቃ ያልነው ያለ ነገር አይደለም። ቁመቱ ከጉልበቴ በታች ሆኖ ራሱን የሰፈሩ አዛዥ አድርጎ ይቆጥራል። አይጥ ከሸተተው ጓሮውን ሲቆፍር ይውላል። ቅጠል ሲወድቅ እንኳ ይጮሃል፤ እንግዳ ከመጣማ ጆሮ ያደነቁራል።

እንክብካቤው ግን ፈተና ነው። የዚህ ዘር ፀጉር በመቀስ ከተቆረጠ ይበላሻል። የሞተው ፀጉር በጣት እየተያዘ፣ ጥቂት በጥቂት፣ መነቀል አለበት። ሁለት ሰዓት ይፈጃል። እግሩንማ ከእኔ በቀር ለማንም አያስነካም። እኔም ብሆን ጥፍሩን የምቆርጠው በሥጋ ቁራጭ ለምኜው ነው።

አንድ ቀን ከምሠራበት ፋርማሲ ስመለስ ጥፍሩ ተቆርጦ አገኘሁት።

ሲቆፍር ተሰብሮበት ይሆናል አልኩ። ራሴን አታለልኩ።

በሳምንቱ ደግሞ ጆሮው ውስጥ ያለው ፀጉር ተለቅሞ፣ ጆሮው ጸድቶ...

ጎረቤቴን ጠየቅኳት። "እኔ ሳልኖር ሲጮህ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?"

"ኧረ የምን ጩኸት፤ ሰሞኑን ጨዋ ሆኖልሻል" አለችኝ እየሳቀች።

ለእኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። የብረት በሩን ከፈትኩ። የቤቱን በር ከፈትኩ። ሁለቱም እንደቆለፍኳቸው ነበሩ።

አለቃ ሳሎን መሃል ቆሟል። ከጆሮው እስከ ጅራቱ ፀጉሩ ተነቅሎ፣ ተበጥሮ፣ አምሮበታል። የሁለት ሰዓት ሥራ። የተነቀለው ፀጉር ግን መሬት ላይ የለም... አንዲት ዘለላ እንኳ።

ክው አልኩ። ወደ ደጅ ወጥቼ እህቴ ጋ ደወልኩ።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መጣች። የብረት በሩ ጋ ስትደርስ ግን ቆመች።

"እትዬ፣ ግቢ እንጂ።"

"እዚሁ ይሻለኛል።" ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ውሻውን ብቻ ነው... ወይስ አንቺንም?"

"እኔን ምን?"

ሻሿን ፈታ ዞረች። ማጅራቷ ላይ የመዳፍ ስፋት ያህል ቦታ ፀጉር የለውም። በምላጭ የተላጨ አይደለም። ጥቂት በጥቂት ተነቅሏል፤ ዳር ዳሩ በጥንቃቄ ተስተካክሎ።

"ማነው?"

"አይቼው አላውቅም። ቀን ጋደም ስል ነው የሚመጣው።"

"እያወቅሽ ነው ያስገባሽኝ?"

"ሰው ካልተካሁ አይለቀኝም ነበር።" ዓይኔን አላየችኝም። "ሁለቴ ወጥቼ ነበር። ሁለቴም ተከተለኝ። እንቅልፍ ያገኘሁት አንቺ ከገባሽ ወዲህ ነው።"

ያሳደገችኝ እህቴ ናት። እናታችን ከሞተች ጀምሮ ከእሷ ሌላ ሰው የለኝም። ያኔ ከፍርሃቱ ይልቅ ክህደቱ ነው አንጀቴን ያቃጠለው።

"አለቃስ? እሱ ለምን አይጮህም?"

"ያመጣሁት እኔ አይደለሁም" አለችኝ። "ስገባ እዚሁ ቤት ውስጥ ነው ያገኘሁት።"

ይህን ብላ ሄደች። አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ብላ አላየችኝም።

እኔም መሄድ ነበረብኝ። ግን እሷ እንደጣለችኝ እኔም አለቃን ጥዬ መሄድ አልሆነልኝም። ተመልሼ ገባሁ።

"ና የኔ አለቃ... እንውጣ።"

ላነሳው ጎንበስ ስል ጥርሱን አሳየኝ። እኔን... በእጄ ያበላሁትን፣ ሲታመም አብሬው ያደርኩትን። ከዚያ አምልጦኝ መኝታ ቤት ገባ። ተከተልኩት።

አልጋዬ ላይ፣ ትራሴ አጠገብ፣ ሁለት የፀጉር ክምር አለ። ጠዋት ስወጣ አልነበረም።

አንዱ ነጭና ሻካራ።

ሌላው ጥቁርና ረጅም።

ትናንት ከሥራ መጥቼ ጋደም ያልኩት እዚሁ ትራስ ላይ ነው...

እጄን ቀስ አድርጌ ወደ ማጅራቴ ሰደድኩ።

ቀድሞኝ የደረሰ እጅ ነበር።

አለቃ አልጋው ሥር ቁጭ ብሎ ጅራቱን እየቆላ... ሁለታችንንም ያየናል።