የተቆረጠው ድምፅ

ሰዓቱ የታሰረው በቀኝ እጁ ላይ ነው።

ልጅቷ ቪዲዮውን አቆመችው። አባቷ ሰዓት የሚያስረው በግራ እጁ ነው፤ ነፍስ ካወቀች ጀምሮ በቀኙ አስሮ አይታው አታውቅም። ወደ ሸሚዙ ተመለከተች። የደረት ኪሱም ጎኑን ቀይሯል። ይህን ቪዲዮ ስታዘጋጅ ሃምሳ ጊዜ ሳታየው አልቀረችም። ሰዓቱን ልብ ያለችው ግን ዛሬ፣ አራት ሺህ ሰው ከተማረበት በኋላ ነው።

የቀረጸችው በስልኳ የፊት ካሜራ ነበር፤ ከአባቷ ጎን ተቀምጣ ስክሪኑን እያየች ለመቅረጽ እንዲመቻት ብላ። የእሷ ስልክ የፊት ካሜራ ደግሞ እንደ መስታወት ነው። ቀኙን ወደ ግራ፣ ግራውን ወደ ቀኝ ይገለብጣል።

ቪዲዮው ያለው ተማሪዎች የሚያውቁትን ለሌላው በሚያስተምሩበት የኢንተርኔት መድረክ ላይ ነው። አንዱ ሒሳብ ይጭናል፣ አንዷ ሹሩባ አሠራር፣ አንዱ ጊታር። እሷ የጫነችው «የቤት መብራት ጥገና በስድስት ክፍል» የሚል ኮርስ ነው። አባቷ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስለሆነ እጁን እሱ አዋሰ፤ መቅረጹ፣ መቁረጡ፣ ጥያቄ ማውጣቱ የእሷ ነበር። ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥ ስሟ ቀርቶ «ቲቸር» ሆናለች።

አራተኛው ክፍል የጠረጴዛ መብራት ስፒና፣ ሶኬት ላይ የሚሰካው ባለ ሦስት እግር ጫፍ፣ አቀያየር ነው። ሁለቱም ሽቦዎች ነጭ ናቸው፤ የሚለዩት በሚታሰሩበት ቦታ ብቻ ነው። ከማጥፊያው የሚመጣው ሽቦ በስፒናው ውስጥ በስተቀኝ መታሰር አለበት። በግራ ከታሰረ ክፋቱ መብራቱ መሥራቱ ነው። ሲያበሩት ይበራል፣ ሲያጠፉት ይጠፋል። ኤሌክትሪኩ ግን ከጠፋ በኋላም አምፖሉ የሚገባበት ቦታ ላይ ተኝቶ እጅ ይጠብቃል።

ቪዲዮውን እንደገና እንድታየው ያደረጋት ትናንት ማታ የተጻፈ አስተያየት ነው። ጸሐፊው ራሱን «ሞገድ» ብሎ የሚጠራ ልጅ ነው።

«እዚህ አይቼ የእህቴን የማጥኛ መብራት ሠራሁላት። በደንብ ይበራል። ትናንት አምፖሉ ተቃጠለና አጥፍታ ልትቀይር ስትል ያዛት። ሕክምና ቤት ናት። ሁለት ጣቷ አይታጠፍም። አጥፍታው ነበር እኮ፣ በዓይኔ አይቻለሁ። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

ከሥሩ ሌሎች ተረባርበውበታል። «አራት ሺህ ሰው ሠርቶት ምንም አልሆነም። አንተ ነህ ያበላሸኸው።» «ብሮ፣ በማታውቀው አትግባ።» «ምስኪን እህትህ!» ለእያንዳንዳቸው መልሶላቸዋል። «እሺ። ይቅርታ።» «እሺ። ይቅርታ።»

እዚያው ትምህርት ቤት ለጓደኛዋ ለጉንጬ አሳየቻት። ጉንጬ ጉንጯን ነፍታ አነበበችው።

«አጥፊው» አለቻት።

«ቪዲዮውን?»

«ቪዲዮውንም ኮሜንቱንም። ነገ ጠዋት በሰልፍ ላይ ዳይሬክተሩ ስምሽን ሊጠራ ነው። ከሁሉም ትምህርት ቤት ያንቺ ኮርስ ተመርጦ! አብደሻል እንዴ?»

«ልጁስ?»

«ልጁማ ይቅርታ ብሏል እኮ።»

ጉንጬ ክፉ ልጅ አይደለችም። ለዚህ ነው ነገሩ የባሰው፤ ስትናገረው ቀላል ይመስላል። አንድ ጣት፣ አንድ መንካት፣ አለቀ። ልጁም ዕድሜ ልኩን የእህቱን እጅ ያበላሸሁት እኔ ነኝ ሲል ይኖራል።

ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ አባቷ ሱቅ ሄደች። ሱቁ ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ላይ የተጠቀለለ ሽቦ፣ ጠረጴዛው ላይ ሆዱ የተከፈተ ካውያ። አባቷ ከስድስተኛ ክፍል ነው ትምህርት ያቆመው። ኮርሱ ከወጣ ወዲህ ግን በየቀኑ የተተኮሰ ሸሚዝ ይለብሳል። የጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ ባለፈ ባገደመ ቁጥር «ፕሮፌሰር፣ እንዴት ዋልክ!» ይለዋል፤ አባቷም «ሂድ ወደዚያ!» እያለ ጥርሱን መሰብሰብ ያቅተዋል።

ዛሬ አይስቅም። መነጽሩን አድርጎ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል።

«ይህን አየሽው?» አላት።

አስተያየቱ ነው። እሷ ምንም ከማለቷ በፊት መነጽሩን አወለቀ።

«ደጋግሜ አየሁት። በግራ ነው የታሰረው። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቼ... ዓይኔ ከድቶኛል ማለት ነው። እርጅና።»

ዝም ብትል ያልቃል። አባቷ ጥፋቱን ራሱ አንስቶ ተሸክሞታል፤ ከእሷ የሚጠበቀው አለመናገር ብቻ ነው። ነገ ስሟ ይጠራል። እሱ ደግሞ ከነገ ጀምሮ ቆሞ በሚሠራበት መሰላል ላይ ሁሉ የገዛ እጁን ይፈራል። የሚፈራ እጅ ኤሌክትሪክ ላይ ምን እንደሚያመጣ ደግሞ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ልጅ አታጣውም።

«አንተ አልተሳሳትክም» አለች። ቪዲዮው ላይ ሰዓቱ ያለበትን እጅ አሳየችው። «ካሜራው ነው የገለበጠው። እኔ ነኝ በዚያ የቀረጽኩት።»

አባቷ ቀና አለ። «በቀኝ ብዬ ተናግሬ የለ እንዴ? ሦስት ጊዜ።»

«ተናግረሃል።»

«ታዲያ የት ሄደ?»

«ቆረጥኩት። ታስል ነበር፤ ደግሞም ትደጋግማለህ። ልጆች ይሰለቻቸዋል ብዬ ሙዚቃ አደረግኩበት።»

አባቷ መነጽሩን አጥፎ ካውያው አጠገብ አስቀመጠ። ቢጮህባት ይሻላት ነበር።

«የምደጋግመው እኮ» አለ፣ «ሰው እንዳይሞት ነው።»

ስልኳን አወጣች። ቪዲዮውን ከመድረኩ አነሳችና በቦታው «ይህ ክፍል የተገለበጠ ነው፤ በዚህ የሠራችሁትን መብራት ከሶኬት ንቀሉ፣ አትንኩት» ብላ ጻፈች። የልጁን አስተያየት አላጠፋችውም። ከሥሩ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ፣ እንዲህ አለች፦ «አንተ አልተሳሳትክም። ልክ እንዳሳየሁህ ነው የሠራኸው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ አባቴም አይደለም።»

በዚህ መሃል ፀጉር አስተካካዩ ብቅ አለ። «ፕሮፌሰር፣ ምነው ሰማይ የተደፋብህ መሰልክ?»

አባቷ ነገረው። ሰውየው ሳቀ። «እኔም እኮ ያንን አይቼ ሠርቻለሁ! ይኸው ወር አለፈው፣ እንደ ጉድ ይበራል።»

«አምጣው።»

«ምን ያደርግልሃል፣ ይሠራል እያልኩህ...»

«አምጣው አልኩህ!»

አመጣው። አባቷ መብራቱን ሶኬት ላይ ሰካ፣ ማጥፊያውን አጠፋ፣ አምፖሉን በጨርቅ ይዞ ፈታ። ከዚያ ኤሌክትሪክ መኖሩን የሚያሳየውን ቴስተር ከደረት ኪሱ አውጥቶ አምፖሉ በሚገባበት ቀዳዳ ጠርዝ ላይ አሳረፈው። የቴስተሩ ትንሽ መብራት ቀይ በራ።

ሳቁ ከፀጉር አስተካካዩ ፊት ላይ ተጠርጎ ሄደ። «ትንሿ ልጄ ናት የምትጠቀምበት» አለ። «አልጋዋ አጠገብ ነው ያለው።» መብራቱንም ሳይወስድ፣ ደህና እደሩም ሳይል ወጣ።

ካዩት አራት ሺህ ሰዎች መካከል ኮርሱን «ጨርሻለሁ» ያሉት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ናቸው። መድረኩ ለሁሉም በአንድ ጊዜ መልእክት መላክ አይፈቅድም፤ ለእያንዳንዱ ለየብቻ ነው። ቪዲዮውን አውርደው ለሌላ ያስተላለፉትን ደግሞ ማንም አያውቃቸውም። ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። የመጀመሪያው መልስ የመጣው አርባኛው ላይ ስትደርስ ነው። ሞገድ ነው።

«ለእናቴ ላሳያት» ይላል። ሌላ ምንም የለውም።

ደጋግማ አነበበችው። ስለ እህቱ እጅ ልትጠይቀው ፈልጋ ጻፈች፣ አጠፋች፣ እንደገና ጻፈችና ላከችው። መልስ አልመጣም።

ውጪው መጨላለም ጀምሯል። አባቷ ካውያውን ከድኖ ዕቃውን ሰበሰበ። «የቀረውን ቤት ትጽፊያለሽ። እናትሽ ስንቆይባት የማታስበው የለም።»

አልተነሳችም። ከሶኬት ተነቅሎ ጠረጴዛው ላይ የቀረውን የፀጉር አስተካካዩን መብራት ታያለች።

«አባዬ፣ ይህን ነገ ትምህርት ቤት ልውሰደው? እንዳለ፣ ሳታስተካክለው።»

«ለምን?»

«በሰልፍ ላይ ስሜን ሲጠሩ ላሳያቸው።»

አባቷ አያት። የሚከለክላት መስሏት ነበር፤ ምናልባትም ሊከለክላት ፈልጎ ነበር። ከደረት ኪሱ ቴስተሩን አውጥቶ ሰጣት።

«ስትነግሪያቸው ደጋግሚው» አለ።

መብራቱን ገመዱን ጠቅልላ በብብቷ ያዘች፣ ቀድማውም ወጣች። አባቷ በሩን ስቦ ዘጋ፣ ቁልፉን ሁለቴ አዞረው፣ መቆለፉንም ጎትቶ አረጋገጠ።