ቅንድቡ የነጣው ሰው

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ሳል ከጆሮዬ አልወጣ ብሏል።

ወንድሜ ካሴ ሰው ገድለሃል ተብሎ ሲያዝ፣ ምስክሩ እንዲለየው ከሰልፍ አቆሙት። እኔ ስንቅ ይዤ በጣቢያው አጥር ቀዳዳ አይ ነበር። የቆሙት አምስት ናቸው። አራቱ ልብስ የቀየሩ ፖሊሶች ነበሩ፤ ጫማቸው ያብረቀርቃል። ካሴ ብቻ በባዶ እግሩ፣ በእስር ያደፈ ጋቢ ለብሶ ቆመ። ምስክሩ ኪዳነ ማርያም የሚባል የደብረ ኤልያስ ሰው ነው። አንድ በአንድ እያየ መጥቶ ካሴ ፊት ሲደርስ ሳጅኑ ሳለ። ኪዳነ ማርያምም ጣቱን ቀሰረ።

ካሴ በተፈረደበት በሦስተኛው ዓመት እስር ቤት ሞተ። የእሱን ዱላ ከቤቴ በር ኋላ አቆምኩት። አንዳንድ ማለዳ ማንም ሳይነካው ቦታ ቀይሮ አገኘዋለሁ። ሰው አያምነኝም፤ አይመነኝ።

ዘንድሮ በጥቅምት ማርያም ጎሕ ሲቀድ ወደ ቤተ ክርስቲያን እየሄድኩ ነበር። ጉሙ ከወንዙ አልተነሣም። ከወፍጮ ቤቱ በታች፣ በእንጨቷ ድልድይ ላይ አንድ ሰው አለፈኝ። አፍና አፍንጫውን በጋቢው ሸፍኗል፤ ፀጉሩ ነጭ ነው። ሽማግሌ መስሎኝ «እንደምን አደሩ» አልኩ። አልመለሰልኝም። በእኛ አገር ሰላምታ የማይመልስ ሽማግሌ የለም።

ቅዳሴ ሲያበቃ ባለ ወፍጮው ጋሽ ኃይለ ሚካኤል ከወፍጮው ድንጋይ ሥር ራሳቸው ተፈንክቶ ሞተው ተገኙ።

ያየሁትን ለይጁቤ ጣቢያው ሳጅን አበረ፣ ያ የሳለው ሳይሆን ለሌላው፣ ነገርኩት። በማግሥቱ ተመልሶ «ሽበታሙን ይዘነዋል፤ እዚህ ባለው ርስቱ ከሟቹ ጋር የድንበር ክርክር አለበት። አንቺ መለየት ብቻ ነው» አለኝ። ስሙን አልነገረኝም።

ከዚያ ከደብረ ማርቆስ ኢንስፔክተር የኔዓለም መጣች። ከሲታ ሴት ናት፣ ልጄ ልትሆን የምትችል። ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ነው፤ ከእኔ በፊት ድልድዩንና ወፍጮ ቤቱን አይታ መምጣቷ ነበር።

«እትዬ ወለላ፣ እኔ ጥያቄ አላበዛም። ከቤት ከወጡበት ጀምረው ያዩትን ይንገሩኝ።»

«ቁመቱን አትጠይቂኝም?»

«ካነሡት እጽፋለሁ።»

ነገርኳት። ዝም ብላ ጻፈች። ዝም የሚል ፖሊስ አይቼ ስለማላውቅ የባሰ ፈራሁ።

«ሳጅን አበረ የነገረዎት ነገር አለ?»

«ሽበታሙን ይዘነዋል ብሎኛል።»

ፊቷ ጠቆረ። «ይህንንም እጽፈዋለሁ» አለች።

በሦስተኛው ቀን ቀበሌው አዳራሽ ጠራችኝ። አበረን ሆን ብላ ወደ ሌላ ሥራ ልካዋለች። ከጎኔ የተቀመጠው አካለ ወልድ የሚባል፣ ከደብረ ወርቅ የመጣ ፖሊስ ነው፤ የተያዘው የትኛው እንደሆነ አያውቅም። እሷ ራሷ ልትወጣ ስትል «ወዴት ነው?» አልኳት።

«እኔ የተያዘው የትኛው እንደሆነ አውቃለሁ። አፌን ብይዝ እንኳ ዓይኔ ሊያሳብቅ ይችላል።»

ያ ሳል ትዝ አለኝና ወንበሩን ጨበጥኩ።

አካለ ወልድ ከወረቀት አነበበልኝ። «ሰባት ሰዎች አንድ በአንድ ይገባሉ። ያዩት ሰው ከነዚህ ውስጥ ሊኖርም ላይኖርም ይችላል። የለም ማለትም መልስ ነው።»

ሁሉም ሽበታም ናቸው። ሁሉም አንድ ዓይነት ጋቢ ለብሰዋል፤ ሁሉም ኮንጎ ጫማ አድርገዋል። አንደኛው ገባ፣ ወጣ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። አራተኛው ገባ።

ኪዳነ ማርያም ነው። ጎብጧል፣ ከስቷል፤ ያን ፊት ግን ፍርድ ቤት ቁጭ ብዬ ቀን ሙሉ አጥንቼዋለሁ። እሱ አላወቀኝም። የሌባ ጣቴ ከጉልበቴ ላይ በራሷ ተነሣች። አንዲት ጣት ናት። በአንዲት ጣት ካሴን ወሰደብኝ፤ በአንዲት ጣት ልወስደው ነው። ማንስ ያውቃል?

ያኔ ዱላ መሬት ሲመታ ሰማሁ። ሁለቴ፣ ከበሩ ኋላ። የሰባቱን ሰዎች ዱላ ግን አስቀድመው ከውጭ ሰብስበውባቸው ነበር።

ጣቴን በሌላኛው እጄ ያዝኩና «ቀጣዩ ይግባ» አልኩ።

ሰባቱም አለፉ። «የለም።»

«ምን ያህል እርግጠኛ ነዎት?»

«በካሴ አጥንት።»

አካለ ወልድ ካሴ ማን እንደሆነ አላወቀም፤ እንዳልኩት ጻፈው። የኔዓለም ገብታ አነበበችና «ምን ጎደላቸው?» አለችኝ።

«የዚያ ሰውዬ ቅንድቡም ሽፋሽፍቱም ነጭ ነበር። እነዚህ ፀጉራቸው ይንጣ እንጂ ሽፋሽፍታቸው ጥቁር ነው።»

እስክርቢቶዋ ቆመ። «ሽፋሽፍቱም?»

«እንደ በግ።»

በዚያው ቀን ከሰዓት በወፍጮ ቤቱ ግቢ ሰበሰበችን። የሟች ሚስት ወይዘሮ ጤናዬ፣ ወፍጮውን የሚያንቀሳቅሰው የሟች የእህት ልጅ ጌቾ፣ ኪዳነ ማርያም፣ አበረና እኔ።

«ወይዘሮ ጤናዬ፣ ባለቤትዎ በዋዜማው ምን አደረጉ?»

«እንደ ልማዳቸው ድንጋዩን ጠርገው፣ ወለሉን አጥበው ቆለፉ። በማርያም ቀን ይቺ ወፍጮ ዞራ አታውቅም።»

«ከሬሳው ሥር ግን ትኩስ ዱቄት አግኝቻለሁ። በታጠበ ወለል ላይ። እና ዞራለች።»

«ሞተሩ ቢነሣ አገር አይሰማም?» አለ አበረ።

«የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ እየቀደሰ? አንተ ራስህ ሰማህ?»

የኔዓለም ወደ እኔ ዞረች።

«የሽማግሌ ፀጉር ይነጣል። ቅንድብና ሽፋሽፍትን በአንድ ጊዜ የሚያነጣው ግን ዕድሜ አይደለም፤ ዱቄት ነው። እትዬ ወለላ በሌላ ቀን ቢያዩት ከወፍጮ ቤት የወጣ ሰው ነው ብለው ያልፉ ነበር። በማርያም ቀን የሚፈጭ የለም ብለው ስለሚያምኑ፣ ዓይንዎ ዱቄቱን ሽበት አደረገው። ለሽማግሌው ሰላምታም ሰጡት። እሱም ያልመለሰው ድምፁ የወጣት ስለሆነ ነው።»

ወደ ጌቾ ተራመደች።

«የዚህ ቤት ቁልፍ ሁለት ነው። አንዱ ከሟች ኪስ ተገኝቷል። ሁለተኛው ያንተ ነው፣ ጌቾ።»

«እኔ ቅዳሴ ነበርኩ። ሰው ይመስክር።»

«ወይዘሮ ጤናዬ፣ ባለቤትዎን አግኝተው ሲጮኹ መጀመሪያ ማን ደረሰ?»

«ጌቾ ነው። ራሱን ተላጭቶ፣ እየሮጠ...» ብለው ድንገት አቆሙ። የጌቾን ራስ እንደ አዲስ አዩት። «ለሐዘን መስሎኝ ነበር።»

«ሬሳው የተገኘው በዚያች ደቂቃ ነው» አለች የኔዓለም። «ጌቾ፣ ለማን ሐዘን ነው አስቀድመህ የተላጨኸው?»

ጌቾ ተንበረከከ። ድምፁ በጭንቅ ይሰማ ነበር።

«ላብ የነካው ዱቄት ሊጥ ይሆናል። ብታጠብ ብታጠብ አልለቅ አለኝ። በስውር የምፈጭለት የደብረ ማርቆስ ሆቴል መኪና ዱቄቱን ሊወስድ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። አጎቴ የረሱትን ዳዊት ሊወስዱ መጡ። "በእመቤታችን ቀን?" ብለው ሰው ሊጠሩ ዞሩ። ገፋኋቸው እንጂ ልገድላቸው አላሰብኩም።»

ወይዘሮ ጤናዬ አላለቀሱም። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አደረጉ።

ኪዳነ ማርያም ሊያመሰግነኝ መጣ። «እኅቴ፣ የለም ባትዪ ጠፍቼ ነበር።»

«እኔ የካሴ እኅት ነኝ።»

መሬት መሬት ማየት ጀመረ። «ያኔ ገዳዩን በደንብ አላየሁትም ነበር» አለ። «ሳጅኑ ሲስል፣ እሱ ያውቃል ብዬ ነው የጠቆምኩት።»

«ይህን ለኢንስፔክተሯ ይንገሯት።»

«ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ማን ይሰማኛል?»

«እኔ ሰምቻለሁ።»

በማግሥቱ በማለዳ እሱ ካደረበት ዘመድ ቤት ደጃፍ ቆምኩ። የራሱን ዱላ ፖሊሶቹ አጥፍተውበት፣ ግድግዳ ይዞ ነው የወጣው። የካሴን ዱላ ሰጠሁት። የማን እንደሆነ አልጠየቀኝም፤ በሁለት እጁ ተቀበለው።

የኔዓለም ቃሉን ቃል በቃል ጻፈች፤ በአውራ ጣቱ ፈረመ። «እትዬ ወለላ፣ የሞተ ሰው ፍርድ ማስነሣት ቀላል አይደለም» አለችኝ።

«ቀላል ነው አልኩሽ? ጻፊና ላኪው።»

ስንወጣ ኪዳነ ማርያም ዱላውን ዘረጋልኝ። አልተቀበልኩትም።

«ይያዙት» አልኩት። «ደብረ ማርቆስም ሲጠሩን አብረን ነን፤ መንገዱ ዳገት ነው።»