በአየር ላይ ያሉ ስሞች

«በቃ፣ ሞቷል» አለች ራዲዮ ፊቷን ወደ ስክሪኑ አስጠግታ። «ነፍሱን ይማር።»

ጓደኛዋ ጉንዳን ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣለች። ዓይኗ የስክሪኑ ጥግ ላይ ተተክሏል። ቅድም እዚያ የዋይፋይ ምልክት ነበረች። አሁን ቦታው ባዶ ነው። ኮምፒውተሩ ዋይፋይ የሚባል ነገር ጨርሶ ሰምቶ የማያውቅ ይመስላል።

«ጉንዳን» የሚለውን ቅጽል ያወጣችላት ታላቅ እህቷ ናት፤ ትንሽ ስለሆነች፣ አንዴ የነከሰችውንም ስለማትለቅ። የጓደኛዋን ያወጣው ግን መላው ክፍል ነው። ራዲዮ አፏ አይዘጋም፤ ባትሪዋም አያልቅም።

ኮምፒውተሩ የታላቅ እህቷ የእቴቴ ነው። ከማርጀቱ የተነሳ ማጠፊያው ላልቶ ከግድግዳ ጋር ካልተደገፈ ወደ ኋላ ይወድቃል። ኮምፒውተሩን የሚያሠራው የቀድሞው ስርዓት እየተንቀራፈፈ ሲያስመርራት እቴቴ ሊኑክስ ጫነችበት፤ ማንም ሰው በነጻ የሚወስደው፣ የተጻፈበትን ኮድ ከፍቶ የሚያነበውና የሚያሻሽለው ስርዓት ነው። ነገ ጠዋት በዚሁ ኮምፒውተር በቪዲዮ የሥራ ቃለ መጠይቅ አለባት። የሠራቻቸውን ካርታዎች እያሳየች ታስረዳለች። ከተሳካላት ከመድኃኒት ቤቱ ገንዘብ መቀበያ መስኮት ወጥታ በተማረችው የካርታ ሥራ ሙያ ልትሠራ ነው። ዛሬ ስትወጣ ጫማዋን እያሰረች ያለቻት አንድ ነገር ብቻ ነው፦

«የቤት ሥራሽን ሥሪበት። ሌላ ምንም እንዳትነኪ፣ እሺ የኔ ጉንዳን?»

ጉንዳን ግን ነካች። «አዲስ ማሻሻያ አለ» የሚል መልእክት ብቅ ሲል የይለፍ ቃሉን አስገባች፤ እቴቴ አምናት የሰጠቻትን። ለክፋት አልነበረም፤ ነገ እንዲፈጥንላት ብላ ነው። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ዋይፋዩ የለም።

«ስሚኝ» አለች ራዲዮ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «መብራት ድርግም ብሎ ሲመለስ እንዲህ ሆነ በያት። መብራት መቼም መጥቶ አይከራከርሽ!»

ውሸቱ ለአፍ የቀለለ ነበር። ጉንዳን ከወንበሯ ተነሳች። «እሱን እናየዋለን» አለች። «መጀመሪያ ግን ምን እንደሆነ ልወቅ።»

መደርደሪያው ላይ ያለውን፣ ዋይፋዩን የሚያሠራጨውን ራውተር አጥፍታ አበራች። ምንም ለውጥ የለም። የራዲዮ ስልክ በዚያው ዋይፋይ ቪዲዮ እያጫወተ ነው፤ ስለዚህ ራውተሩ ንጹሕ ነው። ጥፋቱ ያለው እዚሁ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው። ስልኩን በቻርጀሩ ገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘችና ኢንተርኔቱን በገመዱ አሳለፈችው። ሠራ! ነገር ግን ገመዱ የተበላሸ ነው፤ ትንሽ ሲነካ ይቋረጣል። ራዲዮ ጫፉን በሁለት ጣቷ ጠምዝዛ እንድትይዘው ተፈረደባት።

«እስከ መቼ?»

«እስኪያልቅ። አትተንፍሺ።»

«ይኼማ ቅጣት ነው እንጂ ጓደኝነት አይደለም!»

በዚህ ገመድ የእቴቴ ቃለ መጠይቅ እንደማይሆን ለሁለቱም ግልጽ ነበር። ጉንዳን ሰዎች ችግራቸውን ጽፈው የሚረዳዱበት አንድ ድረ ገጽ አገኘች። እዚያ በተጻፈው መሠረት ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፈተችና አንድ አጭር ቃል ጻፈች። ኮምፒውተሩ ሆዱ ውስጥ ያሉትን ክፍሎች አንድ በአንድ ይቆጥር ጀመር። ከመጨረሻው ከፍ ብሎ ዋይፋይ የሚቀበለው የገመድ አልባ ካርዱ ስም ከነሥሪቱ ቁጭ ብሏል።

«አለ!» ብላ ጮኸች። «አልሞተም! ያውልሽ!»

«ካለ ታዲያ ለምን ዝም አለ?»

«የሚያስተረጉምለት አጥቶ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ካርዱና ስርዓቱ የሚግባቡት ድራይቨር በሚባል ፕሮግራም ነው። እቴቴ ለዚህ አሮጌ ካርድ የሚሆነውን ፈልጋ በእጇ ጭናው ነበር። ማሻሻያው ስርዓቱን ሲያድስ አስተርጓሚው ከአሮጌው ጋር ቀረ። አሁን ለአዲሱ እንደገና መሠራት አለበት። ኮዱ የተቀመጠበት ገጽ ደግሞ ክፍት ነው፤ ውሰዱት ይላል።

ጉንዳን አወረደችው። ከመጫኗ በፊት ግን ምን እንደሚመስል ለማየት አንዱን ፋይል ከፈተች። ማለቂያ የሌለው መስመር ነው፤ ቁጥር፣ ቅንፍ፣ ምልክት። አልገባትም። በመሐል በመሐሉ ግን ሰው ለሰው የጻፋቸው አጫጭር ማስታወሻዎች አሉ። ቀስ ብላ፣ ያልገባትን ቃል እየፈለገች አነበበች።

«ምን ይላል?» አለች ራዲዮ ጣቷን ሳታነሳ።

«‹ይህ መስመር ለምን እንደሚያስፈልግ አላውቅም፤ ሳወጣው ግን ካርዱ ይተኛል። እባካችሁ አትንኩት› ይላል።»

ራዲዮ በሳቅ ፈነዳች፤ ገመዱም ተቋረጠ። ጉንዳንም አብራ ሳቀች። ከዚያ ከፋይሉ አናት ላይ ያለውን አነበበችና ሳቋ ቆመ። ሰውየው ይህን የጻፈው የአባቱ አሮጌ ኮምፒውተር ዋይፋይ እምቢ ብሎት ነው። «ምናልባት የሌላም ሰው አባት ይቸገር ይሆናል ብዬ እዚህ አስቀመጥኩት» ይላል። ከሥሩ ሌሎች ስሞች ተደርድረዋል፤ አንዳንዶቹ ጉንዳን አይታው በማታውቀው ፊደል። አንዱ ስህተት አርሟል። ሌላዋ አሳጥራዋለች። የመጨረሻው ሰው ለአዲሱ ማሻሻያ እንዲሆን አስተካክሎታል። ቀኑን አየች። ባለፈው ሳምንት ነው።

ባለፈው ሳምንት! እሷ ገና ሳታበላሸው፣ አንድ የማታውቀው ሰው የሆነ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ መድኃኒቱን ቀምሞ አስቀምጦላታል። ማን ጠየቀው? ማንስ አመሰገነው? ቀኑን እንደገና አነበበችው።

«ምን ሆንሽ?» አለች ራዲዮ።

«ቆይ» አለች። 

ድራይቨሩን የሚያዘጋጀውን ትእዛዝ ከገጹ አይታ ጻፈች። በጥቁሩ መስኮት ላይ መስመሮች እንደ ዝናብ ይወርዱ ጀመር። የእነዚያ ሁሉ ሰዎች ሥራ ተሰባስቦ እዚህ፣ ማጠፊያው በላላ ኮምፒውተር ውስጥ እየተገጣጠመ ነው። አንዴ ቆመ። ሁለቱም ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። ደግሞ ቀጠለ። ጨርሶ ዝም ሲል ጉንዳን አዲሱን ድራይቨር የሚያስነሳውን የመጨረሻ ትእዛዝ ሰጠች።

በባዶው ጥግ ምልክቷ ብቅ አለች። ከሥሯም የአካባቢው ዋይፋዮች ስሞች አንድ በአንድ ይወጡ ጀመር፦ የራሳቸው ቤት፣ «ሁለተኛ ፎቅ»፣ «ፀጉር ቤቱ»፣ «የይለፍ ቃል አትጠይቁኝ»፣ «ሙዚቃ ቀንሱ»። ሌላም፣ ሌላም።

ራዲዮ ገመዱን ለቀቀችው። ከስክሪኑ ላይ ቀና ብላ ክፍሉን አየች፤ መጋረጃውን፣ ጣሪያውን፣ በመሐላቸው ያለውን ባዶ አየር። «እነዚህ ሁሉ እዚህ ነበሩ?» አለች በሹክሹክታ። «አሁን፣ በላያችን እያለፉ?»

«ሁልጊዜም ነበሩ። መስማት ያቃተው ኮምፒውተሩ ነው።»

ራዲዮ እጇን በአየሩ ውስጥ ቀስ አድርጋ አሳለፈች። 

የበሩ ቁልፍ ተንቀጫቀጨ። እቴቴ ናት። ራዲዮ ፈጥና የጉንዳንን ክንድ ጨመቀች። «መስኮቱን ዝጊው! ተስተካክሏል እኮ፤ ውሸትም አያስፈልግ። ምንም አልተፈጠረም።»

እውነቷን ነው። ከኮምፒውተሩ አንድ ቁልፍ ብትጫን ሁሉም ይጠፋል፤ ብልሽቱም፣ ጥገናውም፣ በማያውቁት ሰው እጅ የተጻፈው ያ ሁሉ መስመርም። ጉንዳን ጣቷን ቁልፉ ላይ አሳረፈች። ነገ ቃለ መጠይቁ ይሳካል። እሷም ይህን ነገር ለማንም ሳትናገር ትኖራለች።

እቴቴ ቦርሳዋን ወንበር ላይ ወረወረች። ፊቷ በድካም ጠውልጓል። ጥቁሩን መስኮት ስታይ ግን ደነገጠች። «ምንድን ነው እሱ? ኮምፒውተሬ ደህና ነው?»

ራዲዮ ጣሪያውን ታያለች።

ጉንዳን ጣቷን ከቁልፉ ላይ አነሳች። ከተቀመጠችበት ተነስታ ወንበሩን ለእህቷ ለቀቀችላት።

«አሁን ደህና ነው፣ እቴቴ» አለች። «ነይ ተቀመጪ። መጀመሪያ ያበላሸሁትን ልንገርሽ። ከፈለግሽ ተቆጪኝ። ከዚያ ግን አንድ የማሳይሽ ነገር አለ።»