የጋሽ ቀለም ፊደላት

«ማውዙን እኮ አንቀሽ ልትገድይው ነው!» አላት አስተማሪው።

ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ጀማሪዎች ሳቁ። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። ዓይኗ ከኮምፒውተሩ ይልቅ በሩ ላይ ነበር። ከታች ያሉት የማተሚያ ማሽኖች ወለሉን እያንቀጠቀጡ እስከ እግሯ ድረስ ይሰማሉ። ማሽኖቹም ሆኑ ይህ የሥልጠና ክፍል የአንድ ሰው ንብረት ናቸው፤ ስሙ ሲነሳ አባቷ ጉርሻቸውን ትተው ከማዕድ የሚነሱበት ሰው።

አባቷ ታፔላ ጻፊ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰፈሩን ሱቅ፣ ክሊኒክና ትምህርት ቤት በብሩሽ ሲጽፉ ስለኖሩ ሰው ሁሉ «ጋሽ ቀለም» ይላቸዋል። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ሥራ የለመደው ከእሳቸው ዘንድ ነበር። ሲለምድ ማሽን ገዛና ደንበኞቻቸውን አንድ በአንድ ወሰደ። ይህን እንኳ ችለውት ኖሩ። ዘንድሮ ግን ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐኪሙ «አይብስበትም፤ ወደ ድሮውም አይመለስም» አላቸው።

«የቀለም ቀንድ ሳልሆን ቀለም አለቀብኝ» ብለው ቀለዱ። ከዚያ ብሩሾቻቸውን አጥበው፣ በጨርቅ ጠቅልለው፣ ቁም ሣጥኑ ላይ ወረወሯቸው።

የቀራቸው ደንበኛ ትምህርት ቤቱ ብቻ ነበር። ርዕሰ መምህርቷ አዲስ ዓርማና አዲስ የበር ጽሑፍ ፈለጉ፤ ግን በኮምፒውተር ተሠርቶ፣ በአምስት ሳምንት ውስጥ። «ካልሆነ ማተሚያ ቤቱ ይሥራልን፤ አይቀየሙኝ ጋሽ ቀለም» አሏቸው። ልጅቷ «እኔ አደርሳለሁ» ብላ ቃል ገባች። በአካባቢው ለጀማሪ የቬክተር ሥዕል የሚያስተምር ግን ይህ አንድ ክፍል ብቻ ነበር። ለአባቷ «ጓደኛዬ እያስተማረችኝ ነው» አለቻቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደረጃውን የምትወጣው እንደ ሌባ ግራና ቀኝ እያየች ሆነ።

አስተማሪውን የማተሚያ ቤቱ ሠራተኞች «ዝምተኛው» ይሉታል። ሥራው ዲዛይን ነው፤ ማስተማሩ ቅዳሜና በሳምንቱ መካከል ከሰዓት በኋላ ነው። ሲያስተምር ብቻ ነው አፉ የሚፈታው።

«ፎቶ ስታሳድጉት ይደበዝዛል» ይላል። «ቬክተር ግን ከነጥብና ከመስመር የተሠራ ስለሆነ የቴምብር ያህል ቢያንስ፣ የሕንፃ ያህል ቢተልቅ፣ ጠርዙ ንቅንቅ አይልም።»

በሁለተኛው ሳምንት ልጅቷ አንድ ፊደል ለመክበብ አርባ ያህል ነጥብ ደረደረች። ዝምተኛው ከጀርባዋ ቆሞ አየው።

«ይሄ ፊደል ኩፍኝ ይዞታል እንዴ?»

«እርስዎ እንዳሉት ነው እኮ የ...»

«አንቱ አትበይኝ፤ ገና ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው።» ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። «ነጥብ አታብዢ። መስመሩ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ብቻ አስቀምጪ። ጠቅ አድርጊና ሳትለቂ ሳቢው።»

ሳበችው። ከነጥቡ ግራና ቀኝ ሁለት ቀጫጭን እጀታዎች ወጡ፤ መስመሩም እየተለመጠ ታጠፈ። አርባው ነጥብ ወደ ስድስት ወረደ፣ ፊደሉም አባቷ በአንድ ትንፋሽ በብሩሽ የሳቡት መሰለ። በደስታ ቀና ስትል እሱ የሚያየው ስክሪኑን አልነበረም። ሁለቱም እኩል ወደ ስክሪኑ ዞሩ። ከዚያ በኋላ የተናገረውን አንዱንም አልሰማችውም።

በሦስተኛው ሳምንት ከአባቷ ሣጥን የፊደል ንድፍ ወረቀቶቻቸውን በድብቅ አውጥታ ይዛ መጣች። ዝምተኛው አንድ በአንድ ገለጣቸው።

«የማን እጅ ነው?»

ልትዋሽ አሰበች። ፊቱን ስታይ አልቻለችም። «የአባቴ።»

«ጋሽ ቀለም?» ወረቀቱን እንደሚሰበር ዕቃ ጠረጴዛው ላይ አሳረፈው። «እዚህ መምጣትሽን ያውቃሉ?»

«ቢያውቅ የሚሆነውን አላውቅም።»

«ከእኔ አይሰሙም» አላት።

ወረቀቶቹን ስካን አድርጎ በክፍሉ ኮምፒውተር ላይ አስቀመጠላት። እነሱን ከሥር እያነጠፉ፣ ከላይ በነጥብና በመስመር እየተከተሉ፣ ፊደል በፊደል ሠሩ። ትምህርት አልቆ ሌሎቹ ሲሄዱ እነሱ ይቀራሉ። እጁ ማውዙ ላይ እጇን የነካው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ «ይቅርታ» አለ። እሷም «ምንም አይደል» አለች፤ ቀኑን ሙሉ ግን ከሐሳቧ አልወጣም።

ዓርማው ሊሰጥ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሰኞ ረፋድ ላይ፣ ጋሽ ቀለም ከውጭ ገቡና ኮፍያቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ።

«ዋናው መንገድ ላይ አዲስ መድኃኒት ቤት ተከፍቷል።»

«እሺ አባዬ?»

«ታፔላው የእኔ እጅ ነው።» ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ጨበጡት። «እኔ ግን አልጻፍኩትም።»

ልጅቷ ዓይኗን ወደ ሣጥኑ ወረወረች።

«ዓይኔም እንደ እጄ ጉድ አደረገኝ ብዬ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። መጥቼ ሣጥኔን ከፈትኩ። ወረቀቶቼ የሉም።»

ሁሉንም ነገረቻቸው። ክፍሉን፣ ውሸቷን፣ ስካኑን። ይጮሃሉ ብላ ነበር፤ አልጮሁም።

«እዚያ ቤት» አሉ ቀስ ብለው። «በእግርሽ ሄደሽ፣ በእጅሽ ሰጠሻቸው?»

ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር ወጥታ ሮጠች።

ዝምተኛውን ደረጃው ላይ አገኘችው።

«የአባቴን ፊደል ሸጥከው?»

ፊቱ አመድ ሆነ። «አልሸጥኩም። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ኮምፒውተሩ ላይ አገኘውና የማን እጅ እንደሆነ ወዲያው አወቀ። እኔ ያየሁት ታፔላው ከማሽኑ ሲወጣ ነው።»

«መቼ?»

የደረጃውን መደገፊያ ያዘ።

«መቼ ነው ያየኸው?»

«ዓርብ።»

ዓርብ! ቅዳሜ አጠገቧ ተቀምጦ አስተምሯታል። ቀልዷል። አሥቋታል።

«ልነግርሽ አፌን ከፍቼ ነበር» አለ። «እናቴ በእኔ እጅ ናት። ሥራዬን ፈራሁ። ደግሞም ሁለተኛ አትመጪም ብዬ ፈራሁ።»

«ፈሪ ለናቱ ይባል የለ?» ጀርባዋን ሰጠችው። «እንግዲህ ለእናትህ ኑርላት። እኔ አልመጣም።»

ረቡዕ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ በር ተንኳኳ። የከፈቱት ጋሽ ቀለም ናቸው። ልጅቷ ከውስጠኛው ክፍል ድምፁን ስትሰማ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ጋሽ ቀለም፣ ፊደልዎን ኮምፒውተር ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ። መሰረቁን አይቼ ሦስት ቀን ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ። ትናንት ለመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ሁሉንም ነገርኩት፤ ለአለቃዬም መንገሬን ነገርኩት።»

«አለቃህ ምን አለ?»

«ዕቃህን ሰብስብ አለኝ። ሰበሰብኩ።»

«ለፊደሌ ብለህ ነው ለልጄ?»

«እኔ እንጃ። መለየት አቃተኝ።»

ጋሽ ቀለም ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «መዋሸት አትችልበትም። ግባ፤ በር ላይ ቆሞ የሚናዘዝ ሰው ለጎረቤት ሲሳይ ነው።»

የራሱን ላፕቶፕ ከቦርሳው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ከፈተ። ከክፍሉ ኮምፒውተር ገልብጦ ያመጣው የትምህርት ቤቱ ዓርማ ተጋምሶ እንደቀረ ነበር።

«ይሄ ነገር ፊደሌን እንዴት አድርጎ እንደዋጠው አሳየኝ» አሉት።

አሳያቸው። ከዚያ ማውዙን ወደ እሳቸው ገፋው።

ጋሽ ቀለም የሚንቀጠቀጠውን እጃቸውን አነሱ። «ይሄን አላየኸውም?»

«አይቻለሁ። እዚህ ግን መስመሩን የሚያወጣው የእጅ ፍጥነት አይደለም። ነጥቡን ያስቀምጣሉ፤ ቢዛነፍ አንሥተው ያስተካክሉታል። እስኪስማማዎት ይጠብቅዎታል።»

ልጅቷ መቼ እንደወጣች ሳይታወቃት ከአባቷ ጀርባ ቆማ ነበር። ጋሽ ቀለም ማውዙን ያዙ፤ የማውዙ ቀስት ስክሪኑ ላይ እንደ ዝንብ ይዘላል። የመጀመሪያው ነጥብ ከቦታው ራቀ። ሁለተኛው ከዚያ ባሰ። ጋሽ ቀለም ማውዙን ሊለቁ ሲሉ ዝምተኛው እጃቸውን አልያዘም፣ አይዞዎትም አላለም። ጠበቀ። ሦስተኛውን አስቀመጡ። ሳቡት። አንዱን ነጥብ መልሰው አነሡና ወደ ቦታው ጎተቱት። መስመሩ ታጠፈ፤ የፊደሉን ወገብ ይዞ ወረደ። ዝምተኛው አሳደገው፣ አሁንም አሳደገው። ስክሪኑን ሞላው፤ አንዲት ንቅናቄ እንኳ የለበትም።

ጋሽ ቀለም አገጫቸው ተንቀጠቀጠ። የተንቀጠቀጠው ግን በሕመሙ አልነበረም።

«የሚቀጥለውን አምጣው» አሉ።

ሦስቱም ምሳ ሳይበሉ ዋሉ። ልጅቷ ለዝምተኛው የተናገረችው ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ «ወንበሩን አስጠጋ»።

ሐሙስ ፋይሉን አደረሰች። ርዕሰ መምህርቷ አይተው «ይሄማ የጋሽ ቀለም እጅ ነው!» አሉ፤ ተቀበሉት። ስትመለስ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ይቅርታ ሊጠይቅ መጥቶ ከበራቸው ሲወጣ አገኘችው። ታፔላው ይውረድ ወይ ብሎ ጋሽ ቀለምን ጠይቋቸው ነበር። «ይቆይ፤ ሦስተኛው ፊደል ግን እግሩን አሳጥረውታል፣ አስተካክሉት» ብለውታል።

ዝምተኛው ግቢው ውስጥ ቦርሳውን ይዞ ቆሟል።

«ልሄድ ነው» አላት።

«ወዴት?»

«ሥራ ፍለጋ።»

ከግድግዳው ባሻገር መኪና አለፈ።

«ሥራህን ማጣትህ አሳዝኖኛል» አለች። «ሦስቱ ቀን ግን እስካሁን ያመኛል። ብትሰርቀኝ ይሻለኝ ነበር። አንተ ዝም ስትለኝ ሰው ሁሉ የዋሸኝ መሰለኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ሁለተኛ እንዳትፈራኝ። የሚያስቀይመኝንም ቢሆን ንገረኝ።»

«እነግርሻለሁ።»

«እንግዲያው አሁን ንገረኝ። ምን እያሰብክ ነው?»

ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ልሄድ ነው ያልኩት ውሸት ነው» አለ። «ከጠዋት ጀምሮ እዚህ የቆምኩት እስክትመለሺ ነው። እወድሻለሁ። ብታባርሪኝም በሩ ድረስ እሄድና እመለሳለሁ።»

ልትስቅ አልፈለገችም ነበር፤ ግን ሳቀች። እጇን ዘረጋችለት። ያዘው፤ በዚህ ጊዜ ይቅርታ አልጠየቀም።

ከውስጥ የጋሽ ቀለም ድምፅ በድንጋጤ ጮኸ፤

«ልጆች! ኧረ ልጆች! አንድ ነገር ነካሁና ሁሉም ጠፋብኝ!»

ልጅቷ ለአባቷ አንድ ልጅ ናት። «ልጆች» ሲሉ ሰምታቸው አታውቅም። ዝምተኛውን አየችው፤ እሱም ሰምቶታል፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«መጣን አባዬ!» አለች፤ እየሳበችውም ገባች።