ገበጣ የሚጫወቱበት ድንኳን

ይህ የሆነ ነገር ነው። «ተረት ነው» የሚል ካለ ቢቸና ሄዶ ሉሊትን ይጠይቃት። ስለ እናቷ ግን እንዳያነሳባት አደራ።

ቀኑ ቅዳሜ ነው። ሰዓቱ አምስት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው። ቦታው ሞጣ። ጨለማ የለም፣ ጅብ የለም... ጠራራ ፀሐይ ነው።

ሉሊት ቢቸና መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው የምትሠራው። አባቷ ልጅ እያለች ስለሞተ፣ ያለቻት እናቷ ወይዘሮ የሺእመቤት ብቻ ናት። ገበጣ ያስተማረቻትም እሷው ናት፤ ዛሬ በሰፈሩ ሉሊትን የሚችላት የለም።

እና መርጡለ ማርያም የምታስተምረው ጓደኛዋ ባንቺዓለም ደወለችላት። «ሞጣ ላይ የገበጣ፣ የዳማና የቼዝ ተጫዋቾች የሚገናኙበት ቀን ተዘጋጅቷል። ሁለታችንንም አስመዝግቤያለሁ። ቀድመሽኝ ከደረስሽ በር ላይ የኔን ስም ንገሪ።»

ሉሊት እንዲህ ያለ ጉባኤ አይታ አታውቅም። እንደ ሙሽራ ስትሰናዳ ሰነበተች።

«ለጠጠር ብለሽ አገር ታቋርጫለሽ?» አለች እናቷ ጠዋት ስትሸኛት፣ እየሳቀች። «በይ አሸንፈሽ ነይ። እኔም ገበያ ደርሼ ልምጣ።»

ሞጣ እንደወረደች አዳራሹን ስትፈልግ መንገድ ዳር ትልቅ ድንኳን አየች። በሩን ገለጥ አድርጋ ብታይ... ሰው ሁሉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ገበጣ ይጫወታል። ወዲያ ዳማ፣ ወዲህ ካርታ።

«እሰይ፣ ደረስኩ!» ብላ ገባች።

ባትገባ ኖሮ...

በሩ አጠገብ የተቀመጡ ሽማግሌ ቀና አሉ። «የማን ወገን ነሽ ልጄ?»

አጠያየቃቸው ትንሽ ገረማት።

«የባንቺዓለም ነኝ።»

«ባንቺዓለም...» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው።

አጠገባቸው ያለው ሰው ለጎረቤቱ አንሾካሾከ። «ባንቺዓለም...» ያም ለሚቀጥለው። ስሙ ከአፍ ወደ አፍ እየተቀበሉት እስከ ድንኳኑ ጥግ ሄደ።

ሽማግሌው ከፊታቸው አስቀመጧትና ጨዋታ ጀመሩ። እጃቸው ፈጣን ነው። ሉሊት ደስ አላት፤ እንዲህ ያለ ተጋጣሚ ነበር የናፈቃት።

ግን...

ጠጠሩ ጉድጓዱ ውስጥ ሲወድቅ ድምፅ የለውም።

ዙሪያዋን አየች። ያሸነፈው አይስቅም። የተሸነፈውም አይቆጭም። ጠጠሩን ሰብስበው እንደገና ይጀምራሉ።

ሴቶቹን አየቻቸው። ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል።

ያኔ ገባት። ሐዘንተኛ ብቻውን እንዳይብሰለሰል ለቅሶ ቤት ሰው እየተጫወተ ይውላል፤ ካርታውም ገበጣውም አይጠፋም። ይህን የማያውቅ የአገሯ ሰው የለም። ለጨዋታ ብላ የሰው ለቅሶ ላይ ተገትራለች!

በሐፍረት ፊቷ ጋለ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አባቴ። ተሳስቼ ነው የገባሁት። ማን ነው የሞተው?»

«ገና ነው።»

«ምኑ ነው ገና?»

«ማን እንደሆነ አልታወቀም ነበር። አሁን አንቺ ነገርሽን።»

ሉሊት ስልኳን አውጥታ ደወለች። ባንቺዓለም አነሳች።

«የት ነሽ? ደህና ነሽ?»

«መኪና ውስጥ ነኝ... ሉሊትዬ... ደረቴን አንድ ነገር ያዘኝ። ድንገት ነው። ትንፋሽ...»

ተቋረጠ።

ሽማግሌው ወደ እሷ አጎነበሱ። «የክርስትና ስሟን ንገሪን።»

«ለምን?»

«ያለ ክርስትና ስም ፍትሐት የለም። ሰው ሁሉ እየጠበቀ ነው።»

የክርስትና ስም ደግሞ ለንስሐ አባት እንጂ ለማንም አይነገርም። ሉሊት ግን የባንቺዓለምን ታውቀዋለች፤ አብረው ጸበል ሲጠመቁ ሰምታዋለች። ምላሷ ላይ መጣባት። ዋጠችው።

ልትነሳ ሞከረች። ጉልበቷ እምቢ አላት።

«ንገሪን...» አሉ በአንድ አፍ። በሹክሹክታ።

ጓደኛዋ መኪና ውስጥ ትንፋሽ አጥሯታል። ሉሊት የሚሆነውንም የማይሆነውንም አላሰበችም። የባንቺዓለም ያልሆነ፣ አፏ ላይ የመጣላትን ስም ወረወረች።

«ወለተ ገብርኤል!»

ሁሉም ጠጠራቸውን አስቀመጡ።

«እግዜር ይስጥልን» አሉ ሽማግሌው። ጉልበቷ ተፈታላት። ወደ ኋላ ሳታይ ሮጣ ወጣች።

አዳራሹ እዚያው ከመንገዱ ማዶ ነበር። ሙዚቃ፣ ጭብጨባ፣ ጫጫታ። ብዙም ሳይቆይ ባንቺዓለም እየሳቀች ደረሰች። «ስልክሽ ተቋርጦ ትንሽ እንደቆየ ለቀቀኝ እኮ!» አለች። ሉሊት አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። በሆዷም ኮራች። ሞትን ዋሸሁት አለች፤ የሌለ ሰው ስም ሰጥቼ ሸኘሁት።

ገና የመጀመሪያውን ጨዋታ ሳትጨርስ ስልኳ ጮኸ። የደወለው ጎረቤታቸው አቶ ይታያል ነበር።

«እናትሽን ትንሽ አሟት ነው... ቶሎ ነይ።»

በእኛ አገር «ትንሽ አሟት» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

እናቷን ደጃፏ ላይ እንደተቀመጠች ነበር ያገኟት። ዘንቢሏ ካጠገቧ፣ ፊቷ ላይ ምንም ስቃይ ሳይኖር። ታማ አታውቅም።

እሑድ ቀብር ሆነ። ልጅ የእናቱን የክርስትና ስም የሚሰማው ብዙ ጊዜ በፍትሐቷ ቀን ነው። የንስሐ አባቷ ለቄሱ በጆሮ ነገሯቸው። ቄሱ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«አዕርፍ ነፍሰ አመትከ... ወለተ ገብርኤል...»

ሉሊት አልጮኸችም። ሰው ደግፎ ነው ቤት ያደረሳት።

ማታ ጎረቤቷ ውቢት አጠገቧ ተቀመጠች። ከጠዋት ጀምሮ አንድ ነገር ልትናገር ስታመነታ ነበር።

«ሉሊትዬ... ትናንት የመጡት ዘመዶቻችሁ ናቸው?»

«የቶቹ?»

«አምስት ሰዓት ገደማ ደጃችሁ ላይ ድንኳን ተተክሎ አየሁ። ሰው ሞልቶት ገበጣ ይጫወታል። ማን ሞቶ ነው ብዬ ስደነግጥ፣ እናትሽ ዘንቢሏን አንጠልጥላ ከገበያ መጣች። እሷም ግራ ገባት። በሩ ላይ ቆማ ‹ኧረ በደጄ የማን ለቅሶ ነው?› ብላ ጠየቀቻቸው።»

«ምን አሏት?»

«ምንም አላሏት። ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት። እሷም ዘንቢሏን አስቀምጣ... ገብታ አብራቸው ተቀመጠች።»