አብረው የሚጠፉ ስልኮች

ሰላሁን አብነት ወዳለው ጎሚስታ ሲገባ አለቃው ዋርካ ቀድሞት አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጧል።

«ስልክህስ?»

«አጥፍቻለሁ።»

ውሸት ነው። ስልኩ ኮቱ ኪስ ውስጥ ሆኖ የስለላ ድርጅታቸው ዋናው ቢሮ እያዳመጠ ነው።

ዋርካ የስለላ አለቃው ነው። ልደታ የሚታተም የዳታ ማይኒንግ፣ ማለትም ከመረጃ ክምር ቁም ነገር ፈልፍሎ የማውጣት ጆርናል ውስጥ ረዳት አርታኢ አድርጎ ያስገባውም እሱ ነው። እዚያ ጥናት የሚገመገመው የጸሐፊው ስም ተነሥቶለት ነው። ስሙን የሚያውቀው ረዳት አርታኢው ብቻ። ስለ አንድ ጥናት ከገምጋሚዎቹ አንዱ ሹክ ቢለው፣ ዋርካ የጸሐፊውን ስም አምጣ አለ።

ሰላሁን ጥናቱን ጠዋት አንብቦ ደንዝዟል። የማን እንደሆኑ በማይታወቁ የስልክ መረጃዎች ላይ የተሠራ ነው። በስውር የሚገናኙ ሰዎች እንዳይታወቅባቸው ስልካቸውን አብረው ያጠፋሉ፤ የሚያጋልጣቸውም ይኸው ነው ይላል። ለምሳሌ የቀረበው ስልክ ማክሰኞ ማክሰኞ አብነት ከአንዱ ጋር፣ ሐሙስ ሐሙስ ሜክሲኮ ከሌላው ጋር አብሮ ይጠፋል።

ማክሰኞ አብነት የሚገናኙት እሱና ዋርካ ናቸው። ሐሙስ ሜክሲኮ የሚሄደው ግን እሱ አይደለም።

ሰላይ ጓደኞቹ በጠላት የሚታፈኑት ደግሞ በሐሙስ ማግስት፣ ዓርብ ዓርብ ነው። «ከመሃላችን ከሃዲ አለ» ብሎ ከሁሉ በላይ ያለቀሰው ማን ሆነና? ዋርካ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል።

«ስሙን» አለ ዋርካ።

«የሐሙሱን ደርሼበታለሁ። እኔንም ያስገቡኝና እነግርዎታለሁ።»

ዋርካ አፍጥጦ አየው። ከዚያ ፈገግ አለ።

«አራዳ ነህ ለካ። እሺ፣ ከሰዎቹ ጋር አገናኝሃለሁ። ጸሐፊው ግን ዛሬውኑ አፉ መዘጋት አለበት።»

ተነሥቶ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። እጁ ወደ ኮቱ ኪስ ወረደ።

ስልኩ በርቶ ስለቆየ ሞቋል።

ዋርካ ሽጉጡን ሳይመዝ በሩ ተበረገደ። የዋናው ቢሮ ሰዎች መሬት ላይ ደፍተው አሰሩት።

«የሜክሲኮዎቹ አልተያዙም» አለ ከመሬት። «ጥናቱ በታተመ ማግስት ጸሐፊውን ያገኙታል።»

ከሃዲ ቢሆንም ይህን አልዋሸም።

በማግስቱ ጸሐፊዋ ሪሀና ልደታ ቢሮው መጣች። ገና ወጣት መምህርት ናት።

«ጋሽ ሰላሁን፣ ምኑ ጎድሎ ነው የማይታተመው?»

«ውጤቱ አላሳመነንም።»

«ስንት ዓመት የለፋሁበት እኮ ነው።»

አንጀቱን በላችው። በዚያ ቢሮ እንደዚህ ያለ ግሩም ጥናት አጋጥሞት አያውቅም። ይህን ቢነግራት ሌላ ቦታ ታሳትመዋለች፤ ሰዎቹም ያገኟታል። ጥናቷን መለሰላት። ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ እሱም ወጣ። ሰላሁን የሚባል አርታኢ ከእንግዲህ የለም። ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ውስጥ ገባ። እጁ እንደ ልማዱ ስልኩን ሊያጠፋ ሄደ።

ተወው።

ሰልፈኛው ሁሉ ስልኩን እንደከፈተ ነው። እሱም እንደ ሰው ከፍቶ ታክሲው ውስጥ ገባ።